ሃይድሮጅን ነዳጅ የሚሉት ነገር ለኛ ይሆናል ወይስ ወሬ ነው? (ከደብረ ብርሃን)

የጣርማበር ነፋስ
ሰላም ናችሁ ወገኖች። ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል ታገሱኝ። እኔ ደብረ ብርሃን ነው ምኖረው፣ ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ሸዋሮቢት ሽንኩርትና ማሾ ያለማል፣ ውሃ ሚስበው በናፍጣ ፓምፕ ነው፣ የናፍጣውን ነገር ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ሽንኩርቱ ውሃ ጠምቶት እሱ ማደያ ተሰልፎ ሚያድርበት ጊዜ አለ። እኔ ቤት መብራት ሲጠፋ ያው ሻማ ነው (የብርሃን ደብር ተብላ በሻማ ማምሸት!)። ባለፈው ሬድዮ ላይ አንዱ ሲያወራ ሰማሁ፣ ከፀሐይና ከነፋስ ባገኙት መብራት ውሃውን ለሁለት ይሰነጥቁትና ሃይድሮጅኑን ያጠራቅሙታል፣ ሲቃጠል መልሶ ውሃ ነው ሚሆነው፣ ጭስ ሚባል የለውም አለ። ከዛ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። ነፋስ ከተባለ ጣርማበርና አንኮበር አፋፉ ላይ የቆመ ሰው ያውቀዋል፣ ጋቢ ቀምቶ ይሄዳል እኮ። ታዲያ በነፋሱ ሃይድሮጅን ሰርተን በሲሊንደር ብናጠራቅም፣ ለፓምፑም መብራት ሲጠፋም ብንጠቀምበት ምን ይከለክለናል? አንድ ጓደኛዬ ዝም ብለህ ሶላርና ባትሪ ግዛ ይለኛል። ማነው ልክ?

ብሬከር
ጓደኛህ ነው ልክ። ፋብሪካ ውስጥ ኤሌክትሪሻን ነኝ፣ በቁጥር ልንገርህ። ከሶላርህ 100 ኪሎዋት ሰዓት አገኘህ እንበል፣ ሊትየም ባትሪ ውስጥ ብትከተው 85 ወይ 90ው ይመለስልሃል። ሃይድሮጅን ላርገው ካልክ ግን ውሃውን ስትሰነጥቅ ሲሶው ገደማ ሙቀት ሆኖ ይሄዳል፣ ጋዙን ሲሊንደር ውስጥ ለማጨቅ ኮምፕሬሰሩ የራሱን ድርሻ ይበላል፣ ከዛ በፊውል ሴል (ሃይድሮጅንን ወደ መብራት ሚቀይር ዕቃ ነው) መልሰህ መብራት ስታረገው ከቀረው ግማሽ ገደማ ይጠፋል። መጨረሻ ላይ እጅህ ሚገባው 30 ምናምን ነው። ሶስት ኩንታል ጤፍ ወፍጮ ቤት አስገብተህ አንድ ኩንታል ዱቄት ይዘህ እንደመውጣት ቁጠረው።

ማጠራቀሙ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። አንድ ኪሎ ሃይድሮጅን 33 ኪሎዋት ሰዓት ይዟል፣ ከሶስት ሊትር ናፍጣ ትንሽ ቢበልጥ ነው፣ በክብደት ካየኸው አንደኛ ነው። ግን ሳታጭቀው አስር ሺህ ሊትር ሮቶ ሙሉ ብታረገው እንኳን አንድ ኪሎ አይሞላም። እንደኛ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ደግሞ ከዛም ያንሳል። ለዛ ነው መኪና ላይ እስከ 700 ባር ድረስ ሚያጭቁት፣ የመኪና ጎማ እኮ ሁለት ሶስት ባር ነው። ፈሳሽ ላርገው ካልክ ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ ማቀዝቀዝ አለብህ፣ የኛ የጥቅምት ውርጭ አይበቃውም 😄 የወንድምህ የናፍጣ ሞተር ደግሞ እንዲሁ ሃይድሮጅን አይጠጣም፣ ሞተሩም ይቀየራል ማለት ነው።

የሐሙስ ገበያ ሾፌር
ኧረ ስለ ሃይድሮጅን እኔን ጠይቁኝ ተበልቼበታለሁ። አይሱዙ ነው ምነዳው፣ ከአዲሳባ ደሴ። የዛሬ ሁለት አመት አንዱ ዕቃ ሻጭ «ይሄን ግጠም፣ ውሃ ብቻ ጨምርበት፣ ሃይድሮጅን እየሰራ ሞተሩን ያግዝልሃል፣ ናፍጣህ በግማሽ ይቀንሳል» አለኝና ገዛሁ። ቤት ወስጄ ስፈታው የብረት ሳህን የተደረደረበት ብልቃጥ ነው በቃ፣ ሽቦው ከባትሪው ይገናኛል። ደሴ ደርሼ ተመለስኩ ናፍጣው ያው ነው፣ ደግሜ ሄድኩ ያው ነው፣ እንደውም የደብረ ሲናን ዳገት ስወጣ የባሰበት መሰለኝ። ሻጩ ስልኩን ቀየረ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው።

ብሬከር
@ሾፌር ወንድሜ አይዞህ ብዙ ሰው ነው የተበላው። ነገርየው እንዲ ነው፣ ብልቃጡ መብራት ሚያገኘው ከዲናሞው ነው፣ ዲናሞውን ሚያዞረው ሞተርህ ነው፣ ሞተርህን ሚያዞረው ደግሞ ናፍጣህ ነው። ከቀኝ ኪስህ አውጥተህ ለግራ ኪስህ ማበደር፣ መሃል ላይ ደግሞ እየተንጠባጠበ። ሃይድሮጅን እንደ ናፍጣ ተቆፍሮ ሚወጣ ነገር አርጎ ማሰብ ነው ስህተቱ፣ ሌላ ቦታ የተገኘ ጉልበት መያዣ ነው እንጂ።

ቲቸር ኬሚስትሪ
እናንተ ልጆች ሃይድሮጅንን ጨርሳችሁ ቀበራችሁት እኮ። ሃይስኩል ኬሚስትሪ ነው ማስተምረው፣ ብሬከር ያልከው ስሌት ልክ ነው፣ ግን ሃይድሮጅንን እንደ መብራት ማጠራቀሚያ ብቻ ነው ያየኸው። ዛሬ አለም ላይ በአመት ከ90 ሚሊዮን ቶን በላይ ሃይድሮጅን ይመረታል፣ አብዛኛው ግን ከውሃ አደለም፣ ከተፈጥሮ ጋዝና ከድንጋይ ከሰል ነው፣ ጭሱም እዛው ይወጣል። መኪና ላይ ሚገባውም ኢምንት ነው። ዋናው ሚሄደው ወደ ነዳጅ ማጣሪያና ወደ አሞኒያ ነው፣ አሞኒያ ማለት ደግሞ ማዳበሪያ ነው። ስዊድኖች በ2021 በፈረንጅ በድንጋይ ከሰል ፋንታ በሃይድሮጅን የብረት ማዕድን አቅልጠው፣ ይቅርታ ሳያቀልጡ ኦክስጅኑን ነጥቀው፣ ብረት ሰርተዋል። ባትሪ ይሄን አይሰራም። መጠየቅ ያለብን እንደ ነዳጅ ሳይሆን እንደ ጥሬ ዕቃ ማን ይፈልገዋል ብለን ነው።

@የጣርማበር ነፋስ ቤት ውስጥ በጨው ውሃ እሞክራለሁ እንዳትል ደግሞ! ተማሪዎቼ ሁሌ ይሄን ያረጋሉ። ጨው ከጨመርክበት በአንዱ ጫፍ ሚወጣው ክሎሪን ነው፣ ሳንባ ይጎዳል። ሃይድሮጅኑም ቢሆን ሽታ የለው፣ ነበልባሉ በቀን ብርሃን አይታይ፣ አየር ውስጥ ከ4 እስከ 75 በመቶ ባለው መጠን ከተደባለቀ ክብሪት ነው ሚጠብቀው።

የጅሩ ልጅ
ቲቸር ማዳበሪያ ስትይ ነው የነቃሁት። እኛ እነዋሪ ስንዴ ነው ስራችን፣ መረሬው ላይ ያለ ዩሪያ ስንዴ ዝም ብሎ ቢጫ ሆኖ ነው ሚያይህ። አባቴ በየአመቱ ሰኔ ላይ ጭንቀቱ ዝናቡ አደለም ዩሪያው ደረሰ አልደረሰ ነው፣ ከባህር ማዶ በመርከብ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በመኪና። እና ይሄ ነገር በመብራት ይሰራል ነው ምትይኝ? በውሃና በመብራት ዩሪያ??

ቲቸር ኬሚስትሪ
አዎ ይሰራል፣ አዲስም አደለም። ናይትሮጅኑ ከአየር ነው፣ ሃይድሮጅኑ ከውሃ ሊሆን ይችላል። አባትህ ለሚበትነው አንድ ኩንታል ዩሪያ ወደ 10 ኪሎ ሃይድሮጅን ነው ሚያስፈልገው፣ እሱን ከውሃ ለማውጣት ከ500 ኪሎዋት ሰዓት በላይ መብራት። ውሃው ራሱ ብዙ አደለም፣ ለአንድ ኪሎ ሃይድሮጅን 9 ሊትር፣ ማጣሪያው ላይ ሚባክነውን ስትጨምር ከዛ ይበልጣል። እና ማን ሰርቶታል በለኝ፣ ግብፆች አስዋን ላይ በፈረንጅ ከ1960ዎቹ ጀምሮ በግድቡ መብራት ውሃ እየሰነጠቁ ማዳበሪያ ሲሰሩ ኖረዋል፣ በአባይ ውሃ! ቆይተው ነው ወደ ጋዝ የዞሩት። ዚምባብዌም ክዌክዌ ላይ በካሪባ ግድብ መብራት ለብዙ አመት አምርተዋል፣ በ2015 በፈረንጅ የመብራት እጥረቱ ሲብስ የውሃ መሰንጠቂያውን ዘጉት። ትምህርቱ እዛ ላይ ነው፣ መብራቱ ርካሽና ማይቆራረጥ ካልሆነ ፋብሪካው አይቆምም።

እኛ አገር ነሐሴ 2017 ከዳንጎቴ ጋር የተፈረመው የጎዴው ዩሪያ ፋብሪካ በአመት 3 ሚሊዮን ቶን ተብሎ የታቀደ ነው፣ ሃይድሮጅኑን ሚያገኘው ግን ከኦጋዴን ጋዝ ነው። ጋዙ እያለ ከሱ መጀመር ስህተት ነው አልልም፣ አባትህ ሰኔ ላይ ዩሪያውን ነው ሚፈልገው ንፅህናውን አደለም። እኔን ሚቆጨኝ የውሃውን መንገድ በትንሹ እንኳን ጎን ለጎን አለመሞከራችን ነው። ዩሪያ ለመስራት ካርቦንዳይኦክሳይድም ያስፈልጋል፣ እሱ ደግሞ እዚሁ ሰሜን ሸዋ ለሚ ሲሚንቶ ፋብሪካ ጭስ ማውጫ ላይ አለ፣ ኖራ ድንጋይ ሲቃጠል ሚወጣው እሱ ነው። ከጭሱ ለይቶ መያዝ ውድ ነው አውቃለሁ፣ እያሰብኩ ነው በቃ።

ብሬከር
ቲቸር ማዳበሪያው ላይ እጄን ሰጥቻለሁ። ግን የነፋሱን ነገር ልጨርስለት። ጀርመኖች ሃይድሮጅን ሃይድሮጅን ሚሉት የበጋውን ፀሐይ ለክረምት ማቆያ ስላጡ ነው። እኛ ግን ግድብ አለን እኮ! እኛ አገር ነፋሱ ሚበረታው በበጋ ነው፣ ግድቡ ሚሞላው በክረምት። አዳማ ላይ ያሉት ተርባይኖች (የመጀመሪያው 51፣ ሁለተኛው 153 ሜጋዋት ነው) በጥር ሲያመነጩ የግድቡን ውሃ ቆጥበህ ታቆያለህ፣ ነፋሱ ሲተኛ ውሃውን ትለቃለህ። ጳጉሜን 2017 የተመረቀው ህዳሴ 5,150 ሜጋዋት ነው፣ ከዚ በላይ ባትሪ ከየት ይመጣል። ጣርማበር ላይ ተርባይን ቢተከል መብራቱን መስመር ላይ ነው ምለቀው፣ ሃይድሮጅን አላረገውም።

ለወንድምህም ያው ሀሳብ ነው። ሃይድሮጅን ከሚያጠራቅም ውሃውን ራሱን ያጠራቅም። ሶላር ፓምፕ ቀን ቀን እየሳበ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ገንዳ ይሙላ፣ ማታ በራሱ ቁልቁል ይወርዳል፣ ባትሪም አያስፈልገውም። ለቤትህ ደግሞ ለአምፖል፣ ለቲቪና ለስልክ ቻርጅ አነስ ያለ ባትሪ ከኢንቨርተር ጋር ይበቃሃል፣ ምጣድ ግን እንዳታስብ። ጉድጓዱ ስንት ሜትር ነው? እሱን ሳላውቅ የፓምፕ መጠን አልነግርህም።

የጣርማበር ነፋስ
እናመሰግናለን ሁላችሁም፣ በተለይ ቲቸር ስለ ጨው ያልሽው፣ እውነቱን ለመናገር ጨውና የባትሪ ድንጋይ አዘጋጅቼ ነበር 😅 ወንድሜ ጋ ደወልኩ፣ ጉድጓዱ ስንት ሜትር ነው ስለው «እኔ እንጃ፣ ቆፋሪው ነው ሚያውቀው» አለኝ። አሁን ገመድ ላይ ድንጋይ አስሮ ሊለካ ሄዷል፣ ሲደውል እዚው እፅፋለሁ።

የሐሙስ ገበያ ሾፌር
ያ ብልቃጥ አሁንም ቤቴ አለ። ቲቸር ለላብራቶሪ ሚሆንሽ ከሆነ ቅዳሜ በደብረ ብርሃን ሳልፍ ላድርስልሽ።