ሶሲዮሎጂና ጋዜጠኝነት የሚማር ይቀነስ ወይስ አይቀነስ?

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ ይኸው። ሶሲዮሎጂና (የማኅበረሰብ ጥናት) ጋዜጠኝነት የጨረሱ ልጆች ሥራ አጥተው ስለተቀመጡ፣ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በእነዚህ መስኮች የሚቀበሉት ተማሪ ይቀነስ የሚል ሐሳብ ከአባላችን መጥቷል። ስድብ አይፈቀድም፣ የብሔር ነገርም አይነሳ። ቀጥሉ።

የሦስት ልጆች አባት፦ ሐሳቡን ያቀረብኩት እኔ ነኝ። የመጀመሪያ ልጄ በሶሲዮሎጂ ከተመረቀ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። መውጫ ፈተናውንም አልፏል። የሚውለው ግን ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሞ ነው። "ሶሲዮሎጂ፣ ሶሻል ወርክ ወይም ተዛማጅ፣ 0 ዓመት" የሚል ሲወጣ ለአንድ ቦታ የሚሰለፈውን ልጅ ብታዩ አንጀታችሁ ይላወሳል። እናቱ "ልጅሽ ምን ነበር የተማረው?" ስትባል ማስረዳት ቢቸግራት "ዲግሪ አለው" ብላ ታልፋለች። የወጪ መጋራቱ ዕዳ ደግሞ እንዳለ ነው።

የወልዲያው፦ ጋሼ፣ ነገሩ ይገባኛል። ግን ቅነሳው እኮ ተሞክሯል። 70 በመቶው ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ብቻ ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ይግባ ተብሎ ዓመታት ተሠርቶበታል። ሲቪል ኢንጂነሪንግ የጨረሱ የሰፈሬ ልጆች ዛሬ ባጃጅ ላይ ናቸው። ሥራው ሳይኖር የትምህርቱን ስም መቀያየር ምን ይፈይዳል?

የመጨረሻ ዓመት ተማሪ፦ እኔ ሶሲዮሎጂን መርጬ አልገባሁም። የሞላሁት ሕግ ነበር፣ ውጤቴ አልበቃ ሲል ይኼ ደረሰኝ። ክፍላችን ገብታችሁ ብትጠይቁ ብዙው "ደረሰኝ" ነው የሚላችሁ። ከዚያ በኋላ ሃንድአውት መሸምደድ ነው። ከሶሲዮሎጂ መሥራቾች አንዱ የሆነው ዱርካይም ከመቶ ዓመት በፊት ስለ አውሮፓ የጻፈውን በቃሌ እወጣዋለሁ። ከግቢው አጥር ማዶ ያለውን እድር ግን አንድ ቀን እንኳ ወጥተን አላየንም። የምቆጨው በትምህርቱ አይደለም፣ በዚህ ነው።

የቀድሞ መረጃ ሰብሳቢ፦ እህቴ፣ ዋናውን ነገር ነካሽው። እኔ ለአንድ የቤት ለቤት ጥናት መጠይቅ ይዤ ደቡብ ወሎ ገጠር ዞሬአለሁ። አብሮኝ የነበረው ልጅ አካውንቲንግ የተማረ፣ በጣም ጎበዝ ነው። መጠይቁ "በዚህ ቤት ስንት ሰው ይኖራል?" ይላል። አንዲት እናት "አምስት" ሲሉት 5 ብሎ ጻፈ። መሶቡን የከበብነው እኛን ሳይጨምር አራት ነበሩ። "አምስተኛው ማነው እማማ?" አልኳቸው። "ሳውዲ ያለችው ናት" አሉኝ።

ከሄደች ስድስት ዓመቷ። የቤቱ ቆርቆሮ የእሷ ነው፣ የወንድሟ ማዳበሪያም የእሷ። ታናሽ እህቷን ለመዳር እሷ ሳትጠየቅ ቀን አይቆረጥም። በዓል ሲመጣ ድርሻዋን ቆርሰው ያስቀምጡና ማታ ለጎረቤት ልጅ ይሰጡላታል። እንግዲህ ይቺ ልጅ ቤቱ ውስጥ አለች ወይስ የለችም? "ከአንድ ማዕድ የሚቋደስ" በሚለው መመሪያ ከሄድን የለችም። ያለ እሷ የተቆጠረው ቤት ግን እኔ ያየሁት ቤት አይደለም። በጀት የሚመደበው ደግሞ እንዲህ ካለ ቁጥር ተነስቶ ነው።

"ማነው?" ብዬ እንድጠይቅ ያስለመደኝ አንድ የሶሲዮሎጂ አስተማሪያችን ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በራሱ ኪስ ታክሲ ከፍሎ ገበያ ይወስደንና "ዝም ብላችሁ ተቀመጡ፤ ማን ከማን ጋር እንደሚያወራ ጻፉ" ይለን ነበር።

የሦስት ልጆች አባት፦ የኔ ልጅ፣ አንተን ያ አስተማሪ ገጥሞህ ነው። ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አለን፣ ስንቱ ግቢ ነው እንዲህ ያለ ሰው ያለው? ባለበት ይከፈት፣ በሌለበት ይዘጋ። ይቀነስ የምለው ይኼንን ነው።

የቀድሞ መረጃ ሰብሳቢ፦ እንዲህ ከሆነ አልከራከርዎትም። መስክ የማያስወጣ ክፍል ተማሪ ባይቀበል እኔም እስማማለሁ።

ነጋዴው፦ ሶሲዮሎጂውስ ይሁን። ጋዜጠኝነት ግን ምን አራት ዓመት ያስፈልገዋል? አዲስ ዘመን በ1933 ዓ.ም. ሲጀመር የጋዜጠኝነት ዲግሪ የያዘ ማን ነበር? ዛሬ ስልክ ያለው ሁሉ ያወራል፣ ሰውም የሚሰማው እነሱን ነው።

ሬዲዮ ክፍል 12 ዓመት፦ ወንድሜ፣ የቀደሙት ያለ ዲግሪ ጥሩ ጽፈዋል፤ እውነት ነው። ግን አጠገባቸው ቀይ እስክሪብቶ ይዞ የሚያርም አዛውንት ነበር። ዛሬ ያ አራሚ የለም።

ባለፈው የተደፈረች ልጅ ታሪክ በአንድ ቻናል ተላለፈ። ፊቷ ተሸፍኗል። ግን የግቢያቸው ሰማያዊ በር፣ አጠገቡ ያለው ወፍጮ ቤትና የእናቷ ድምፅ እንዳለ ወጣ። በማግስቱ የሰፈሩ ሰው ሁሉ አወቀ፣ ልጅቷም ትምህርት ቤት መሄድ አቆመች። የሠራው ልጅ ክፉ አይደለም፣ እያለቀሰ ነው የነገረኝ። በርም ፊት እንደሚሆን ያስተማረው የለም። የጥላቻ ንግግር አዋጁ 1185/2012 እስከ ሁለት ዓመት ያሳስራል፣ ወይም እስከ 100,000 ብር ያስቀጣል። በሩን መቅረጽ ግን በዚያ አዋጅ አይያዝም። ይኼ የሚመጣው በትምህርት ነው፤ ትምህርቱም ካሜራ መያዝና ሶሲዮሎጂ አንድ ላይ ሲሰጡ ነው። ስለዚህ እኔ መቀነሱን ሳይሆን ሁለቱን ክፍሎች ማቀላቀሉን ነው የምደግፈው።

የሦስት ልጆች አባት፦ ልጄ የመመረቂያ ጽሑፉን የሠራው በሰፈራችን እድር ላይ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሬዲዮ ላይ ይሆናል?

ሬዲዮ ክፍል 12 ዓመት፦ በደንብ እንጂ ጋሼ! ጽሑፉን ግን አያንብብልኝ። አምስት ደቂቃ ድምፅ ይላክልኝ።

የሦስት ልጆች አባት፦ መቅጃ የለውም፣ ስልክ ብቻ ነው ያለው።

ሬዲዮ ክፍል 12 ዓመት፦ ስልክ ይበቃል። እሑድ እድሩ ሲሰበሰብ ቀድሞ ይድረስ፣ ዳኛውን ያስፈቅድና ከገንዘብ ያዡ አጠገብ ይቀመጥ። የወር መዋጮ አቅቷቸው ከኋላ የሚቆሙትንም ያናግር፤ ስማቸውን ግን እንዳይጠራ።