መደርደሪያው ሊወድቅ ነው፣ መጽሐፎቹን ማን ይወስዳል? (አስቸኳይ)

እሙዬ፦ ሰዎች ድረሱልኝ! የመጽሐፍ መደርደሪያዬ መሃሉ ጎብጦ የላይኛው ፊሸር (ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ብሎኑን የሚይዘው) ከግድግዳው እየወጣ ነው። ግማሹን አውርጄ መሬት ላይ ቆልዬዋለሁ። ሌላውም መደርደሪያ ሙሉ ስለሆነ የሚመለሱበት ቦታ የለም፤ እስከ ቅዳሜ ከቤት መውጣት አለባቸው። ቤተ መጻሕፍት ብደውል «አንቀበልም» አሉኝ። መጽሐፍ እንዴት አይፈለግም? መጣል አልፈልግም። ማን ይወስዳል?

ጣውላ ሠሪው፦ መጀመሪያ የቀረውንም አውርጂ፤ ግን ከላይ ጀምረሽ። ታችኛውን ቀድመሽ ካቀለልሽው ክብደቱ ሁሉ ከላይ ይቀርና ወደ ፊት ይገለበጥብሻል፣ በተለይ ፊሸሩ ከለቀቀ በኋላ። አንድ ሜትር ሙሉ መጽሐፍ ከ25 እስከ 40 ኪሎ ይመዝናል፤ ወፋፍራም የሥዕል መጽሐፍ ከሆነ ከዚያም ይበልጣል። 18 ሚሊ ሜትር ቺፕውድ መሃሉ ላይ ቋሚ ሳይኖረው ከ80 ሴንቲ ሜትር በላይ ከተዘረጋ መጉበጡ አይቀርም። አንዴ ከጎበጠ ደግሞ ሸክሙ ቢነሳለትም ሙሉ በሙሉ አይቃናም። ገልብጦ መግጠም ለጊዜው ያስታግሳል፤ መፍትሔው ግን መሃል ላይ ቋሚ መጨመር ነው። የወጣውን ፊሸር እዚያው ቀዳዳ ውስጥ መልሰሽ አትምቺው፣ አይዝም።

መሬት ላይ ያሉትን ደግሞ ከሲሚንቶ አንሺያቸው። ከሥር ጣውላ አንጥፊ፣ ከግድግዳም በእጅ ስፋት ያህል አርቂ።

መምህር ዘ፦ ይቅርታ አድርጊልኝና «ማን ይውሰድልኝ» የሚባለው ለቆሻሻ ነው። መጽሐፍ የአንድ ሰው የዓመታት ድካም፣ የአንድ ዘመን ሐሳብ ማደሪያ ነው። ዛሬ ሁሉም ነገር በስልክ አለ እየተባለ ቤቱ ለቴሌቪዥን ሲሰፋ ለመጽሐፍ ይጠባል። ስልኩ ባትሪው ሲያልቅ ምን ሊነበብ ነው? መጽሐፍ የሌለበት ቤት መስኮት የሌለው ቤት ነው። ቦታ ጠበበ ተብሎ መጽሐፍ አይወጣም፤ ሌላ ዕቃ ይወጣል። ሶፋው ይውጣ!

ሳቂታ፦ እሺ ጋሼ፣ ስንት ካርቶን ይላክልዎት?

ዝም ብሎ አንባቢ፦ ለቤተ መጻሕፍት ስጪያቸው።

እሙዬ፦ አልተቀበሉኝም ብያለሁ እኮ 😩

ካታሎግ፦ «መጽሐፍ እንዴት አይፈለግም» ያልሽው ላይ ልከራከርሽ፤ ጥያቄሽ የተበላሸው እዚያ ነው። ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ በነጻ ቢያገኝም በነጻ አያስገባም። ሰው ቁጭ ብሎ ይመዘግበዋል፣ ይመድበዋል፣ መለያ ይለጥፍበታል፣ ማህተም ይመታል፣ ከዚያ ለዓመታት ቦታ ይይዛል። መደርደሪያ የሞላው አንቺ ጋ ብቻ አይደለም፣ እነሱም በየጊዜው ያስወግዳሉ። ሲያስወግዱ የሚያዩት ይህን ነው፦ መረጃው ያሳስታል ወይ? ተጎድቷል ወይ? አዲስ እትም ወጥቶለታል ወይ? ፋይዳው ቀላል ነው ወይ? ከአንባቢው ጋር አይሄድም ወይ? ሌላ ቦታ በቀላሉ ይገኛል ወይ? አንቺም በዚሁ መስፈርት ካየሽው የትኛው እንደሚፈለግ፣ የትኛው እንደማይፈለግ ወዲያው ይታይሻል።

ሌላው ደግሞ «መጽሐፍ ልስጣችሁ» ተብሎ በስልክ ሲጠየቅ መልሱ ሁሌም «አይሆንም» ነው፤ ምን እንደሚመጣባቸው አያውቁማ። ዝርዝር ላኪላቸው። 300 ያልታወቀ መጽሐፍ የማይቀበል ሰው ከዝርዝር ውስጥ 15 መርጦ ይወስዳል። ለመሆኑ ስንት ናቸው? የምን መጽሐፍ ናቸው? በምን ቋንቋ? ይህን ሳትነግሪን ማን ይወስዳል ማለት ይከብዳል።

እሙዬ፦ ወደ 400 ይሆናሉ። ልብ ወለድ፣ የልጆች፣ የዩኒቨርሲቲ የአካውንቲንግና የኮምፒውተር፣ አንድ ሙሉ ኢንሳይክሎፒዲያ፣ መዝገበ ቃላት፣ የቆዩ መጽሔቶች። ግማሹ አማርኛ ግማሹ እንግሊዝኛ።

ሰጪና ተቀባይ፦ እንግዲህ «ማን ይወስዳል» የሚለውን ተዪውና ለእያንዳንዱ ዓይነት ለየብቻ ጠይቂ። 400ውን በአንድ ላይ የሚወስድ ብታገኚ የሚወስደው ሊሸጥ ነው፤ ጥሩውን ለቅሞ ሌላውን ይጥልልሻል። ይህ ካልከፋሽ ፈጣኑ መንገድ እሱ ነው፣ ነውርም የለውም።

ከከፋሽ እንዲህ አድርጊ። ልብ ወለዱን በ10 በ10 አድርገሽ በደራሲ ወይም በዓይነት እሰሪ፤ ሰው አንድ መጽሐፍ ለመውሰድ ከቤቱ አይወጣም፣ ለ10 ግን ይመጣል። የልጆቹን ለመዋዕለ ሕፃናት፣ ለሕፃናት ሕክምና ተራ መጠበቂያ፣ ለሕፃናት ማሳደጊያ ጠይቂ። ከመስጠትሽ በፊት ግን ገጽ በገጽ ግለጪ፦ የተቀደደ፣ የተሞላ መልመጃ፣ የጎደለ ክፍል። ድምፅ ያላቸው ከሆኑ የባትሪ ክዳናቸው በብሎን መታሰሩን እዪ፤ ትንሿ ክብ ባትሪ ከተዋጠች ጉሮሮ ታቃጥላለች። መዝገበ ቃላቱን ቋንቋ የሚያስተምር ሰው ወዲያው ይወስደዋል። ማረሚያ ቤት ብዙ ጊዜ የሚቀበለው ለስላሳ ሽፋን ያለውን ብቻ ስለሆነ፣ በሽቦ የተጠረዘውንም ስለማያስገቡ አስቀድመሽ ደውዪ።

የዩኒቨርሲቲው ላይ እትሙን እዪ። አካውንቲንግ ደረጃዎቹ ስለሚቀየሩ አሮጌ እትም ተማሪ ያሳስታል። ኮምፒውተር ደግሞ ይለያያል፤ የአንድ ሶፍትዌር አጠቃቀም ከሆነ ጊዜው አልፎበታል፣ ስለ አልጎሪዝም ወይም ስለ ሒሳብ መሠረቱ ከሆነ ግን ዛሬም ይሠራል። የሚሰጠው ሴሚስተር ሲጀመር ነው፤ ፈተና ሲያልቅ ማንም አይፈልገውም።

ዝም ብሎ አንባቢ፦ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍትስ? ስጪያቸው።

ሳቂታ፦ ይህ ሰውዬ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው እንዴ የሚኖረው 😂

ካታሎግ፦ ኢንሳይክሎፒዲያው ላይ ተስፋ ቁረጪ። ብሪታኒካ ራሱ ከ1768 ጀምሮ ሲታተም ቆይቶ በ2012 (ሁለቱም እ.ኤ.አ.) ወረቀቱን ማተም አቆመ፤ የመጨረሻው 32 ቅጽ ነበር። በነጻ የሚሰጥ ብዙ፣ የሚወስድ የለም። የሚያስፈልገው ካለ ለመድረክ ወይም ለፊልም ዕቃ የሚያዘጋጅ ሰው ነው፤ እሱም የሚያየው የጀርባውን ቀለም እንጂ ውስጡን አይደለም። ሥዕሎቹን ለኮላዥ (ቆራርጦ በመለጠፍ ለሚሠራ ሥዕል) የሚፈልግ የሥነ ጥበብ መምህርም ጠይቂ።

መምህር ዘ፦ ኢንሳይክሎፒዲያ መቆራረጥ? በሉ እናንተው ተወያዩ።

ጠራዡ፦ ከመስጠትሽ በፊት ያልተነሣ ነገር አለ። መሬት ላይ የነበሩትን ገልጠሽ አሽትተሻቸዋል? አንድ ሻጋታ የያዘ መጽሐፍ ካርቶኑን ሙሉ ያበላሻል፣ ተቀባዩም ካርቶኑን ሙሉ ይጥለዋል። የአየሩ እርጥበት ከ65 በመቶ በላይ ከቆየ ሻጋታ ይመጣል፤ የረጠበ መጽሐፍ ደግሞ በ48 ሰዓት ውስጥ ይይዘዋል።

እሙዬ፦ ከታች ባሉት ላይ ነጭ ብናኝ አየሁ 😳 ሻጋታ ነው?

ጠራዡ፦ በዓይን ብቻ አይለይም። መጽሐፉን ጥቁር ወረቀት ላይ ቀስ ብለሽ መታ መታ አድርጊ። የወደቀው እንደ ሰጋቱራ ደቃቅ ሆኖ ከተበተነ፣ በጀርባው ወይም በጠርዙ ላይ ደግሞ የመርፌ ጫፍ የሚያህል ክብ ቀዳዳ ካለ የነቀዝ ትል ነው። እንደ ጥጥ ተጣብቆ የማይወርድ፣ ሲነካ የሚለቀለቅ ከሆነ ሻጋታ ነው። ቡናማ ነጠብጣብ ብቻ ከሆነና ደረቅ ከሆነ የእርጅና ምልክት ነው፤ ለሰው ነግሮ መስጠት ይቻላል።

ነቀዝ ከሆነ፦ በፌስታል አስገቢ፣ አየሩን አስወጥተሽ አፉን በፕላስተር ዝጊ፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚደርስ ፍሪዘር ውስጥ አንድ ሳምንት አስቀምጪ። የቤት ፍሪዘር 18 ብቻ ከሆነ ሁለት ሳምንት። ከወጣ በኋላ ፌስታሉን ቶሎ አትክፈቺ፣ 24 ሰዓት ይቆይ። ቀዝቃዛው ወረቀት ላይ ውኃ የሚቋጥረው ሰው ሲቸኩል ነው፣ ከዚያ ከነቀዝ አውጥቶ ለሻጋታ መስጠት ይሆናል።

ሻጋታ ከሆነ ቤት ውስጥ በጨርቅ አታራግፊው፤ ብናኙ ሌላው ላይ ያርፋል። ለብቻው በፌስታል አሽጊ። ብርቅ ካልሆነ በስተቀር አይሰጥም።

ሳቂታ፦ ፍሪዘር ውስጥ ልብ ወለድ! እንግዳ ሲመጣ ምን ልትይ ነው እሙዬ?

ሰጪና ተቀባይ፦ ዝርዝሩን አታከብጂው። 25 ወይም 30 መጽሐፍ ጀርባቸው ወደ ካሜራ ሆኖ፣ በቀን ብርሃን፣ ፍላሽ ሳይበራ አንድ ፎቶ አንሺ፤ ጽሑፉ ካልተነበበ ፎቶው ዋጋ የለውም። ሥሩ ላይ የጎደለውን፣ የተሰመረበትን ጻፊ። ባርኮድ ያለው በስልክ ይነበባል። ከ1970 እ.ኤ.አ. በፊት የታተመ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይ ኤስ ቢ ኤን (የመጽሐፍ መለያ ቁጥር) የለውም፤ ርዕሱንና ደራሲውን በእጅ መጻፍ ነው። አማርኛዎቹ ላይ ዓመቱ ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ. ለይተሽ ጻፊ፣ አለበለዚያ እትሙ ላይ ክርክር ይነሣል።

ደግሞ «እወስዳለሁ» ያለ ሁሉ አይመጣም። ሰዓት ስጪ፤ ካልመጣ ለቀጣዩ እንደሚያልፍ አስቀድመሽ ጻፊ።

መንገድ ዳር «ውሰድ፣ መልስ» የሚባሉ የመጽሐፍ ሳጥኖች ካሉ ከ3 እስከ 5 ብቻ አስገቢ። ሙሉ ካርቶን ማራገፍ ሳጥኑን መግደል ነው፤ ጥሩው ከሥር ይቀበራል፣ ዝናብ ሲመጣ ሁሉም ይበላሻል።

ጣውላ ሠሪው፦ ካርቶን ላይ ልጨምር። 40 በ30 በ30 ሴንቲ ሜትር ይበቃል፤ የቴሌቪዥን ካርቶን ከሞላሽ ማንም አያነሳውም፣ ሥሩም ይፈነዳል። ከ15 ኪሎ አታስበልጪ። ሥሩን በፕላስተር በቁመትም በጎንም ለጥፊ። መጽሐፉን አስተኚ ወይም ጀርባውን ወደ ታች አድርጊ፤ ጀርባው ወደ ላይ ከሆነ ገጾቹ በራሳቸው ክብደት ከጥረዛው ይላቀቃሉ።

ካታሎግ፦ እያንዳንዱን መጽሐፍ አራግፊ። ደረሰኝ፣ ፎቶ፣ የባንክ ወረቀት፣ መታወቂያ ሳይቀር ይወጣል። የቤተ መጻሕፍት ማህተም ያለው ካገኘሽ ደግሞ «ተሰርዟል» የሚል ማህተም አብሮት እንዳለ እዪ። ከሌለ ያንቺ አይደለም፣ መልሺው 😄

ጠራዡ፦ የማይሰጠውን ወረቀት ለሚሰበስቡ ስትሰጪ ጠንካራውን ሽፋን ለይው። መጽሐፉን ገልጠሽ ሽፋኑና ገጹ የሚገናኙበትን መስመር በካተር ከላይ እስከ ታች ቁረጪ፤ በሁለቱም በኩል ከተቆረጠ ሽፋኑ ከነጀርባው ይለቃል። ሽቦውን፣ ስቴፕለሩንና ፕላስቲክ የተለበጠውን አውጪ። እርጥብ ወረቀት አይቀበሉም።

መምህር ዘ፦ ከመቁረጥሽ በፊት የአማርኛዎቹን ፎቶ እዚህ አድርጊ።

ዝም ብሎ አንባቢ፦ እሙዬ፣ መዝገበ ቃላቱ አለ?

ሰጪና ተቀባይ፦ እሙዬ፣ ብናኙ ምን ሆነ? ሰው ከመምጣቱ በፊት እሱን ለይ፤ ያልተለየ ካርቶን ለማንም አታስነኪ።