አሮጌ ኮረላ ላይ ክሩዝ ኮንትሮል ማስገጠም ይቻላል? (ያስገጠመ ሰው ካለ ይንገረኝ)

የከዚራው

ሰላም የድሬ ልጆች፣ የሐረርም እንዲሁ። መኪናዬ ኮረላ ናት፣ የ98 ሞዴል፣ ማንዋል፣ ቤንዚን። በወር አንዴ፣ አንዳንዴም ሁለቴ አዲስ አበባ እመላለሳለሁ። ዓምና ቀኝ ቁርጭምጭሚቴን ተሰብሬ ነበር። ድኗል ተብሏል። ግን ነዳጅ መስጫው ላይ እግሬን አንድ ቦታ ይዤ ሁለት ሦስት ሰዓት ከነዳሁ በኋላ የኔ እግር አይመስለኝም። ባለፈው መተሐራ ወርጄ እያነከስኩ ሻይ ቤት ስገባ አስተናጋጁ ልጅ «አባባ፣ ልደግፍዎት?» አለኝ። ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው።

እና እግሬን ሳልጫን ፍጥነቱን ራሱ የሚይዝልኝ ክሩዝ ላስገጥም ብዬ እዚሁ ከተማ አንድ ጋራዥ ሄድኩ። ስሙን አልጠራም። «ቀላል ነው፣ ነገ ናና ውሰድ» አለኝ። በነጋታው ስሄድ ከመሪው ሥር አንዲት ጥቁር እጀታ ተገጥማለች። ሳብ ሲያደርጓት ነዳጅ መስጫው ወርዶ እዚያው ይቀራል፣ ገፋ ሲያደርጓት ይለቃል። በቃ፣ ክሩዝ ማለት ይሄ ነው ተባልኩ። የጠየቀኝ ገንዘብ ሁለት ጎማ ይገዛል። መኪናዬ እሱ ግቢ ውስጥ ናት፣ ከፈልኩ።

ሚኤሶን አልፌ ሜዳው ላይ ሞከርኳት። 80 ላይ ሳብ አደረግኳት። ትንሽ ዳገት ስታገኝ 60 ወረደች፣ ቁልቁል ስትል 95 ገባች፣ እኔ ደግሞ እጀታዋን እንደ ሬዲዮ ጣቢያ ፈላጊ ወዲያ ወዲህ እያልኩ ነው። ከዚያ ግመሎች መጡ። አስፋልቱን ሊሻገሩ ነው፣ ስድስት ሰባት ይሆናሉ፣ እነሱ መቼም አይቸኩሉም። ፍሬን ያዝኩ። መኪናዋ ትንቀጠቀጣለች እንጂ በደንብ አትቆምም፣ ለካ ሞተሩ እየገፋት ነው። ደንግጬ ፍሪሲዮን ስረግጥ ሞተሩ ጮኸ፣ የምር ጮኸ፣ የሚፈነዳ ነው የመሰለኝ። እጀታዋን እስካገኛት ድረስ የሄድኩትን ርቀት ማሰብ አልፈልግም። የመጨረሻዋ ግመል አንገቷን አዙራ በመስኮት አየችኝ። ምን ያህል ተጠግቼ እንደነበር ከዚህ ገምቱ።

ጥያቄዬ፣ እውነተኛ ክሩዝ ለዚህ መኪና ይገጠማል ወይ? ወይስ ተስፋ ቆርጬ በባቡር ልሂድ?

ሳቢያን ኤሌትሪክ

እንኳን አተረፈህ አቦ። መጀመሪያ ያቺን እጀታ ዛሬውኑ አስነቅላት። የእጅ ነዳጅ ነው የገጠሙልህ፣ ትራክተር ላይ ያለው ዓይነት። እርሻ ላይ ሥራዋን ታውቃለች። የምትይዘው ነዳጁ ምን ያህል እንደተከፈተ ብቻ ነው፣ መኪናዋ በስንት እንደምትሄድ አታውቅም። ዳገት ላይ የደከመችብህ ቁልቁለት ላይ የፈረጠጠችብህ ለዚህ ነው።

ክሩዝ ፍጥነቱን ሁልጊዜ እየለካ ሲያንስ ነዳጅ ይጨምራል፣ ሲበዛ ይቀንሳል። ፍሬን ወይም ፍሪሲዮን ሲነካ ደግሞ ወዲያው እጁን ያነሳል። ዋናው ይሄኛው ነው። ሌላው ቢበላሽ ትበሳጫለህ። ይሄኛው ቢበላሽ ግን ግመሏን አይተሃታል።

አሁን ኮፈኑን ክፈትና ሰው ገብቶ ነዳጅ መስጫውን ይርገጥልህ፣ ሞተሩ ጠፍቶ። ጥቁር ካቦ ተስቦ ሞተሩ አፍ ላይ ያለችውን ግማሽ ክብ ነገር ካዞረ በካቦ የሚሠራ ነው ማለት ነው። በ98 ሞዴል የምታገኘው እሱን ነው። በኋላ የመጡት መኪኖች ላይ ካቦ የለም፣ ከነዳጅ መስጫው ሽቦ ወደ ኮምፒውተሩ ይሄዳል፣ ኮምፒውተሩ ነው የሚከፍተው። እነሱ ላይ ሥራው ይቀላል፣ ምክንያቱም የሚከፍተው ሞተር አስቀድሞ አለ፣ ማዘዝ ብቻ ነው የሚቀረው። ያንተ ላይ ግን ካቦውን የሚስብ ሌላ እጅ መግጠም አለብህ።

ይሄ እጅ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በቫኪዩም የሚሠራ ነው፣ ሞተሩ አየር ሲስብ የሚፈጠረውን መምጠጥ ተጠቅሞ ካቦውን ይጎትታል። ርካሽ ነው፣ ሜዳ ላይም አይታማም። ችግሩ ዳገት ላይ ነው። ነዳጁ በሰፊው ሲከፈት መምጠጡ ይቀንሳል፣ እና ልክ ጉልበት በሚፈለግበት ሰዓት እጁ ይዝላል። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ከዚህ ወደ ደንገጎ ስትወጣ ደግሞ አየሩ ራሱ እየሳሳ ነው የሚሄደው። ትንሽ የቫኪዩም ማጠራቀሚያ ጣሳ ቢደረግለት ያግዛል፣ ግን ያንን ዳገት አይጨርሰውም። ሁለተኛው በኤሌትሪክ ሞተር የሚስብ ነው። ይወደዳል፣ ቢሆንም ለኛ አገር መንገድ እሱን ነው የምመርጠው።

ፍጥነቱን የሚያውቀው ካምቢዮው ላይ ካለው የፍጥነት ሴንሰር ነው። እሱ ካልተስማማ ጎማውን በሚያዞረው ዘንግ ላይ ማግኔት ታስሮ አጠገቡ ሴንሰር ይደረጋል። ማግኔቱ በደንብ ካልታሰረ በጠጠር መንገድ አንድ ቀን ተፈናጥሮ ይሄዳል፣ አይቻለሁ።

ማንዋል ስለሆነ የፍሪሲዮን ስዊች የግድ ነው። «አያስፈልግም» የሚልህ ሰው ካለ ቁልፍህን ተቀብለህ ውጣ። ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ነገር አለ። ብዙዎቹ ተገጣሚ ክሩዞች ፍሬን መያዝህን የሚያውቁት ከፍሬን መብራቱ ሽቦ ነው፣ አምፖሉ ደህና መሆኑንም በዚያው ያያሉ። አምፖሎቹ ከተቃጠሉ ወይም በኤልኢዲ ከተቀየሩ አልይዝም ሊልህ ይችላል። ሰው ዕቃው ተበላሽቷል ብሎ ይጥላል፣ የተበላሸው አንድ አምፖል ነው። አምፖል አሁን ስንት እንደገባ እንኳን አልነግርህም።

ሐረር 404

ሽርኬ፣ እኔ ፔጆ 404 ነው የምነዳው፣ ሐረር ውስጥ፣ ታክሲ። የኔ ክሩዝ ከኋላ የሚቀመጡት እናቶች ናቸው። ስፈጥን «ቀስ በል ልጄ» ይላሉ፣ ሳዘግም «ኧረ ገበያው ሊበተን ነው» ይላሉ። ፍጥነቱ ንቅንቅ አይልም፣ ዋላሂ። ስዊችም አይፈልግም።

ቀልዱን ልተወውና፣ ክሩዝን የፈለሰፈው ሰው ዓይነ ስውር እንደነበር ታውቃላችሁ? ራልፍ ቲተር ይባላል፣ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው፣ በልጅነቱ ነው ዓይኑን ያጣው። ጠበቃው መኪና ሲነዳ ሲያወራ ይዘገያል፣ ሲያዳምጥ ይፈጥናል፣ መኪናዋ እንደ ፈረስ ትዘላለች፣ ይሄ አንገሽግሾት ነው የጀመረው ይባላል። ፓተንቱን በ1950 አገኘ፣ መኪና ላይ ተገጥሞ የተሸጠው ደግሞ በ1958 ሞዴል ክራይስለር ኢምፔሪያል ነው፣ ሁለቱም በፈረንጅ። ማለቴ ያኔ ኮምፒውተር የሚባል ነገር መኪና ውስጥ አልነበረም፣ ስለዚህ የ98 ኮረላ አርጅታለች የሚልህን አትስማ። የኔ 404 ትስማና ትሳቅ።

ባለ 2006

እኔ አስገጥሜያለሁ፣ ግን የኔ ኮረላ የ2006 አውቶማቲክ ናት፣ ከአሜሪካ የመጣች። ሳቢያን እንዳለው ካቦ የላትም። ለእኔ የተገዛው መሪው ላይ የምትገባ ትንሽ ማዞሪያ ብቻ ነበረች፣ ያገለገለች፣ ዘመድ ነው የላከልኝ። የባትሪው ኔጌቲቭ ተነቀለ፣ ትንሽ ተጠበቀ (የቶዮታ መመሪያ 90 ሰከንድ ነው የሚለው፣ እኛ ሻይ ጠጣን)፣ ከዚያ ኤርባጉ ወጣ። ኤርባግ የማያውቅ ሰው አይንካው፣ ፊት ላይ ቢፈነዳ ቀልድ አይደለም። ከጀርባው ባዶ ሶኬት ቁጭ ብሎ እየጠበቀ ነው። ማዞሪያዋ እዚያ ተሰካች፣ በሁለት ብሎን ታሰረች፣ የመሪው ፕላስቲክ በስለት ትንሽ ተቆረጠ፣ አለቀ። ዳሽቦርዱ ላይ በሕይወቴ አይቼው የማላውቅ መብራት በራ። ፋብሪካው ሽቦውን ሁሉ ዘርግቶ ማዞሪያዋን ብቻ ነፍጎኛል ማለት ነው፣ ይሄ ነገር እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ግን ሁሉም እንደዚህ አይደለም። ጓደኛዬ የኔን አይታ ለራሷ መኪና ማዞሪያ ገዛች፣ ሲከፈት ሶኬቱ የለም። ስለዚህ ኤርባግ ያላት መኪና ያለው ሰው መጀመሪያ ያስከፍት፣ ከዚያ ይግዛ።

የደወሌ መስመር

ልጆች ደህና ናችሁ? ከባድ መኪና ነው የምነዳው፣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። ስለ ሽቦው እነዚህ ነግረውሃል፣ እኔ ስለ መንገዱ ልንገርህ።

ከድሬ አዲስ ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ግን ክሩዝ የምትይዝበትን ቆጥረህ ታውቃለህ? ደንገጎ ላይ አትይዝም። ቁሉቢ፣ ጨለንቆ፣ ሂርና፣ አሰበ ተፈሪ ድረስ መታጠፊያና ገበያ ነው፣ በየመንደሩ ባጃጅና ፍየል ነው። ብዙዎቹ ክሩዞች ደግሞ ከ40 በታች አይዙም። ያንተ መንገድ የሚጀምረው ከሚኤሶ በኋላ ነው፣ አዋሽ፣ መተሐራ፣ ከዚያ ከአዳማ ያለው የክፍያ መንገድ፣ እሱም 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እግርህ የሚታመመው እዚያው ስለሆነ ይጠቅምሃል፣ አይጠቅምህም አላልኩም። ከድሬ ወደ ደወሌ የሚወስደው ደግሞ ለክሩዝ የተሠራ ነው የሚመስለው፣ ቀጥ ያለ ነው። ግን ግመሉ እዚያም አለ፣ ማታ ደግሞ መብራት አያበራም። ግመል ከመታህ እግሯን ነው የምትመታው፣ ሰውነቷ በመስታወት ነው የሚገባልህ። ሲነጋጋና ሲመሽ አትያዘው።

ደንገጎን ስትወርድ ክሩዝ ያዘኝ ብለህ እንዳትታለል። ያንተ ዓይነቱ ነዳጅ መቀነስ ነው የሚችለው፣ ፍሬን አይዝልህም። በማርሽ ነው የሚወረደው። እኔ ስወርድ የፍሬናቸው ሽታ ከሩቅ የሚመጣ የቤት መኪናዎች ጥግ ይዘው ቆመው አያለሁ፣ ሰውየው ጎማው ላይ ውሃ ያፈሳል። ውሃም አይፈሰስም፣ የጋለ ብረት ይሰነጠቃል፣ ዝም ብሎ መጠበቅ ነው። ዝናብ ሲሆንም አጥፋው፣ ጎማው ሲንሸራተት እሱ ነዳጅ ሊጨምርልህ ይችላል።

ሌላው እንቅልፍ ነው። እግር ሥራ ሲፈታ ዓይን ይከተለዋል። በተለይ ምሳ ከበላህ በኋላ በአዋሽ ሙቀት። ታኅሣሥና ሐምሌ 19 ደግሞ፣ ለቁሉቢ ንግሥ፣ ክሩዙን እርሳው፣ እግረኛው መንገዱን ሞልቶት ነው የሚሄደው።

የከዚራው

ጋሼ አመሰግናለሁ፣ ስለ ፍሬኑ ውሃ የነገሩኝን አላውቅም ነበር፣ እኔም አፍስሼ አውቃለሁ።

ዛሬ ጠዋት እጀታዋን አስነቀልኳት፣ ሌላ ጋራዥ። ካቦ ነው ያለው፣ ሳቢያን እንዳልከው። ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ያ ሰውዬ እጀታዋን ሲገጥም ዋናውን የነዳጅ ካቦ በብሎን ነክሶ ነው ያሰራት። መካኒኩ ካቦውን አውጥቶ በጣቱ ሲያሽከረክረው የተነከሰበት ቦታ ላይ ክሮቹ ተበጥሰው እንደ ፂም ቆመዋል። ጣቱን ወጋው፣ ደማ። ቆጠርናቸው፣ ከግማሽ በላይ ሄደዋል። ወይ መንገድ ላይ ይበጠስ ነበር፣ ወይ ክሩ እዚያው ተሰንቅሮ ነዳጁን ክፍት አድርጎ ይይዘው ነበር። ሁለተኛውን ሳስበው ቁርሴን ፈቲራውን አልጨረስኩትም።

አዲስ ካቦ ገዝቼ አስገጥሜያለሁ። የፍሬን መብራቶቹንም አየሁ። የግራው ተቃጥሏል፣ የቀኙ ኤልኢዲ ነው፣ ማን መቼ እንደቀየረው አላውቅም፣ መኪናዋን እንዲሁ ነው የገዛኋት።

በኤሌትሪክ የሚሠራውን ዓይነት አዲስ አበባ የሚያመጣ ሰው አገኘሁ። የፍሪሲዮን ስዊቹ አብሮ አለ ብሎኛል። ፎቶ ላከልኝ፣ ሽቦው እንደ ፓስታ ነው። ሳቢያን፣ አንተ ትገጥመዋለህ?

ሳቢያን ኤሌትሪክ

እገጥማለሁ። ግን ከመግዛትህ በፊት አንድ ነገር አድርግ። ሰውየውን ፍሬን ሲነካ በየትኛው ሽቦ እንደሚለቅ ጠይቀውና የመግጠሚያ ወረቀቱን ፎቶ አስልክ። ወረቀት የለውም ካለህ አትግዛ። ቅዳሜ ጠዋት ና፣ ከሰዓት አልሠራም። ገጥመን እንደጨረስን መጀመሪያ የፊት ጎማዎቹን በክሪክ አንስተን ቋሚ ላይ አስቀምጠን፣ የኋላውን ደግፈን ነው የምንሞክረው። አንተ መሪው ላይ ትሆናለህ፣ ሃያ ጊዜ በፍሬን፣ ሃያ ጊዜ በፍሪሲዮን ታስለቅቀዋለህ። አንድ ጊዜ እንኳን ከዘገየ አውጥቼ በካርቶኑ አስረክብሃለሁ።

ሁለት ተራ አምፖል ይዘህ ና። ኤልኢዲውን ለ404ቱ እንሰጠዋለን።

ሐረር 404

አልፈልግም። የኔ ፍሬን መብራት አንዱ ብቻ ነው የሚበራው፣ ደንበኞቼ በእሱ ነው የሚያውቁኝ።