«ሰው ይዘው ቢወጡስ?»

ኬን በእጄ፦ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቷል። ወሬው ድምፅ ስለሌላቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች ነው። አንድ ደዋይ «ዓይነ ስውራን ሰው ይዘው ቢወጡ ይሻላል» አለ። አቅራቢው «ልክ ነው» ብሎ ወደ ዘፈኑ አለፈ። ልክ ነው?! እኔ አስፋልት የማቋርጠው በጆሮዬ ነው። ባለፈው ሳምንት መገናኛ ጋ ቆሞ የነበረ መኪና ተነስቶ ኬኔን፣ መንገድ የምዳስስበትን ነጭ በትር፣ ረግጦት ሄደ። የሰማሁት የኬኔን ስብራት ነው፣ መኪናውንማ ማን ሰምቶት።

ሹፌሩ፦ እንኳን ተረፍክ ወንድሜ። ሰውየው ግን ለእናንተው ደህንነት ብሎ ነው።

ኬን በእጄ፦ «ሰው ይዘው» ማንን? እህቴን ከሥራዋ ላስቀራት?

ጸጥታ ወዳድ፦ በ2016 የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ታገደ፣ ከተማው ገና ከጩኸት ሊያርፍ ነው። አሁን ደግሞ መኪናው ይዝፈን?

ማክዳ ፍራንክፈርት፦ ዝፈን ያለው የለም። እዚህ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና እስከ 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት ድረስ ድምፅ ማሰማት ግዴታው ነው። ከዚያ በላይ ጎማው ራሱ ይሰማል።

ጸጥታ ወዳድ፦ አውሮፓ መጣችላችሁ! እዚያ ዜብራ ላይ ይቆማል፣ እህቴ።

ሹፌሩ፦ እውነቱን ልናገር? የእኔም የኤሌክትሪክ መኪና ድምፅ አለው፣ ግን ማጥፊያ ቁልፍ አለ። ጠዋት ስወጣ ሕፃኑ እየነቃ አስቸገረን፣ አጠፋሁት።

ኬን በእጄ፦ በለው! ልጅህ እንዲተኛ እኔ ሰው ልያዝ።

ሹፌሩ፦ ኧረ እንደሱ አላልኩም። ክላክስ አለ አይደል?

ዝምታ፦ እኔ መስማት የተሳነኝ ነኝ። አንዱ ከኋላዬ ክላክስ ሲያደርግ ኖሯል። ዞር ስል ወርዶ ሊመታኝ እጁን አንስቷል፣ «ናቀኝ» ብሎ። ለእኔ ድምፅም ክላክስም አይሠራም። ቀስ ብሎ የሚነዳ ሰው ስጡኝ።

መምህሩ፦ በነገራችን ላይ «ማየት የተሳናቸው» ነው የሚባለው።

ኬን በእጄ፦ ዓይነ ስውር ነኝ መምህር። ማኅበሬም «የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር» ነው የሚባለው።

መምህሩ፦ እሱ የድሮ ስም ነው።

ኬን በእጄ፦ እኔም የድሮ ነኝ።

ጸጥታ ወዳድ፦ ወደ ነገሩ። «ሰው ይዘው ቢወጡ» ምኑ ነው ስድቡ?

ኬን በእጄ፦ አንተ ዳቦ ልትገዛ ሰው ይዘህ ነው የምትወጣው?

ጸጥታ ወዳድ፦ እኔ አያለሁ።

ማክዳ ፍራንክፈርት፦ አይመስልም።

ሹፌሩ፦ በቃ፣ ከግቢ እንደወጣሁ አበራዋለሁ። ካስታወስኩ።