የችግኝ ኤልኢዲ መብራት ብቃቱ በምን ይለካል?

ጠያቂ፦ ሰላም ወገኖች፣ ባሕር ዳር ዓባይ ማዶ ነኝ። ፀሐይ በማይገባበት ክፍል የቃሪያና የሰላጣ ችግኝ አለኝ፤ አሳምሬ ማሳደግ እፈልጋለሁ። አንዱ መብራት ብዙ ሉመን ተጽፎበታል፣ ሌላው 2.5 ማይክሮሞል በጁል ይላል። የቱን ልመን?

መልስ 1፦ ሁለተኛውን! ሉመን የብርሃን መለኪያ ሆኖ የተሰራው ለሰው ዓይን ነው፤ ለአረንጓዴና ለቢጫ ያደላል። ተክል ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለውን ብርሃን ይጠቀማል። ማይክሮሞል የፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) ብዛት መቁጠሪያ ነው፤ አንድ ዋት ደግሞ በሰከንድ አንድ ጁል ነው። ስለዚህ 2.5 ማለት 40 ዋት ሲስብ በሰከንድ 100 ማይክሮሞል ፎቶን ይሰጣል ማለት ነው። ዋቱን ግን ከካርቶኑ አትውሰድ፤ ሶኬት ላይ በሚሰካ መለኪያ ራስህ ለካ፤ ድራይቨሩ (ለኤልኢዲው ኃይል የሚያቀርበው ክፍል) የሚበላውም ይቆጠራልና።

መልስ 2፦ ቅጠሉ ላይ ያልደረሰ ብርሃን ብክነት ነው። ግድግዳውን ነጭ ቀባው።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። 40 ዋት በቀን 12 ሰዓት ቢበራ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት አይሞላም፤ ይቻለኛል። መለኪያውን ነገ ገበያ ወጥቼ እፈልጋለሁ።