የአንገት ደም ቅዳ ቧንቧ ሲጠብ፦ የቀዶ ሕክምናው ዘዴ ከዓመታት በኋላ ለውጥ ያመጣል?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። የ72 ዓመት አባቴ ከዘጠኝ ቀን በፊት ለግማሽ ሰዓት ያህል ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ ብሏቸው፣ አንደበታቸውም ተሳስሮ ነበር። በምርመራ የግራ አንገታቸው ደም ቅዳ ቧንቧ ከ70 በመቶ በላይ ጠቦ ተገኝቷል። አንዱ ሐኪም ቧንቧውን ከፍተው በፓች (ቧንቧውን በሚያሰፋ ቁራጭ መጣፊያ) እንደሚሰፉት፣ ሌላው ደግሞ ቆርጠው እንደሚገለብጡት ነገሩን። ከአሥር ዓመት በኋላ የሚሻለው የቱ ነው? ስቴንት የሚባለው፣ ቧንቧውን ከውስጥ ከፍቶ የሚይዘው የሽቦ ቱቦስ?

የደም ሥር ቀዶ ሐኪም፦
እንኳን በቶሎ ተመረመሩ። በሁለቱ ዘዴዎች መካከል በረጅም ጊዜ ውጤት የሚያስጨንቅ ልዩነት የለም። ልዩነት የሚታየው ቧንቧው ያለ ፓች፣ ጠርዙ ከጠርዙ ብቻ ተገጥሞ ሲሰፋ ነው፤ ስፌቱ ራሱ ውስጡን ስለሚያጠበው ዳግም የመጥበብ ዕድሉ ከፍ ይላል። በግልበጣው ዘዴ ቧንቧው ከመነሻው ተቆርጦ እንደ እጅጌ ይገለበጥና በውስጡ የተጋገረው ስብ ከተላቀቀ በኋላ ወደ ቦታው ይሰፋል፤ ስፌቱ ሰፊው ክፍል ላይ ስለሚያርፍም ፓች አያስፈልገውም። ሆኖም ግፊትን የሚቆጣጠሩ ነርቮች ሊቆረጡ ስለሚችሉ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የደም ግፊት ሊያሻቅብ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ አዘውትረው የሚሠሩትንና እጃቸው የለመደውን ዘዴ ብትመርጡ ይሻላል ባይ ነኝ።

ስለ ስቴንት፣ ክሬስት የተባለው ጥናት በ2016 ባወጣው የአሥር ዓመት ውጤት፣ የሕክምናው ወቅት ካለፈ በኋላ ቧንቧው በታከመበት ጎን ስትሮክ የደረሰባቸው በስቴንት 6.9፣ በቀዶ ሕክምና 5.6 በመቶ ሲሆኑ፣ ልዩነቱ ከአጋጣሚ የሚያልፍ አልነበረም። በሕክምናው ሰሞን ግን በስቴንት ስትሮክ፣ በቀዶ ሕክምናው ደግሞ ድንገተኛ የልብ ሕመም በርከት ብሎ ታይቷል። ዕድሜያቸው ከ70 ላለፈ ሰዎች ቀዶ ሕክምናው ያመዝናል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ቀኑ ነው። ቀዶ ሕክምናው ይበልጥ የሚጠቅመው ምልክቱ በታየ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሲሠራ ነው፤ ለእናንተ የቀረው አምስት ቀን ነው።

ሌላ አንባቢ፦
እናቴ በፓች ከተሠሩ ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል። ድምፃቸው ለሁለት ወር ሻክሮ ነበር፤ ነርቭ ስለተነካ እንደሆነና እንደሚመለስ ተነገረን፣ ተመለሰም። አስፒሪኑንና የኮሌስትሮል መድኃኒቱን ግን አንድም ቀን አላቋረጡም፤ ቀዶ ሕክምናው ያን አንድ ቦታ እንጂ በሽታውን አያነሳውም።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነገ በጠዋት ሄጄ ስለ ዘዴው ሳይሆን መጀመሪያ ቀኑን እንዲቆርጡልን እጠይቃለሁ።