ከየት መጡ? ቃል ይመስክር ወይስ ዕቃ?

ለውይይት፦ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች የሆኑት የናቫሆና የአፓቺ ቅድመ አያቶች ከሩቅ ሰሜን፣ ከካናዳ በኩል ወደ አሜሪካ ደቡብ ምዕራብ ወረዱ ይባላል። የሐሳቡ መነሻ የቋንቋ ዝምድና ነው፤ አታባስካን የሚባሉት ዘመድ ቋንቋዎች እስከ አላስካ ይደርሳሉ። ለመሆኑ ቋንቋ ከቁፋሮ እኩል ማስረጃ ይሁን?

ቀንዲል፦ እኔ አይሁን ባይ ነኝ። አንድ ሕዝብ ከቦታው ሳይነቃነቅ የጎረቤቱን ቋንቋ ሊወስድ ይችላል። ቃል ላይ ዓመተ ምሕረት አልተጻፈም። ከመሬት የወጣ ዕቃ ግን ዕድሜው በካርቦን ይለካል።

ማህሌት፦ ቀንዲል፣ አንዲት ቃል ላሳይህ። የቋንቋ ሊቁ ኤድዋርድ ሳፒር በ1936 የናቫሆን ቃላት ሲመረምር፣ ከቅል የሚሠራው ጭልፋ መጠሪያ ከ«ቀንድ» የመጣ ሆኖ አገኘው። በሰሜኑ ብርድ ቅል የለም፤ ጭልፋ የሚሠራው ከቀንድ ነበር። አገር ሲለውጡ ዕቃው ተለወጠ፣ ስሙ ግን አብሯቸው መጣ። ይህን የትኛው ቁፋሮ ይነግርሃል? ቅሉን ቆፍረህ ብታወጣው ቅል ብቻ ነው። ደግሞ ናቫሆዎች ከፑዌብሎ ጎረቤቶቻቸው፣ በደቡብ ምዕራቡ ቀድመው ከኖሩት ገበሬ ሕዝቦች፣ ሽመናና እርሻ ተምረዋል። ዕቃውን ብቻ ያየ ሰው በቀላሉ ይሳሳታል።

ቀንዲል፦ በጭልፋው እጅ ሰጠሁ። መቼ መጡ ለሚለው ግን ቃሉ መልስ የለውም።

አጥናፉ፦ እሱን ጫማው ይመልስልሃል። በአሜሪካዋ የዩታ ግዛት፣ በታላቁ የጨው ሐይቅ ዳር የፕሮሞንቶሪ ዋሻዎች አሉ። አንትሮፖሎጂስቱ ጁሊያን ስቱዋርድ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ቆፈራቸው፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ሌሎችም ተመለሱበት። በመቶዎች የሚቆጠር ሞካሲን፣ ማለትም የቆዳ ጫማ ወጣ። አሰፋፉ የሰሜኑን ሰዎች ይመስላል። ዕድሜው ሲለካ 13ኛው ክፍለ ዘመን ላይ አረፈ።

ቀንዲል፦ ጫማ እኮ ይሸጣል፣ ይለወጣል።

አጥናፉ፦ ብዙው የልጆች ነው፣ ያውም ለብሰው የጨረሱት። ነጋዴ ያረጀ የሕፃን ጫማ ተሸክሞ ይዞራል? እዚያ ቤተሰብ ኖሯል ወንድሜ። እኔ ይህን ሳስብ ሆዴ ይባባል።

ሰብለ፦ ሁላችሁም ባለቤቶቹን ረስታችኋል። ናቫሆዎች ራሳቸውን ዲኔ ይላሉ፤ አገራቸው በአራቱ የተቀደሱ ተራሮች መካከል እንደሆነ አያቶቻቸው ነግረዋቸዋል። የቅድመ አያቶች አፅም ለዘሮቻቸው እንዲመለስ የሚደነግገው የ1990ው የአሜሪካ ሕግ እንኳ ቋንቋን፣ አርኪዮሎጂንና የቃል ትውፊትን ጎን ለጎን እንደ ማስረጃ ይቀበላል።

ቀንዲል፦ ሲጋጩስ? ትውፊቱ እዚሁ ነን ይላል፣ ቋንቋው ከሰሜን ይላል።

ሰብለ፦ ከናቫሆ ጎሳዎች መካከል ዘራችን ከጄሜዝ፣ ከፑዌብሎዎቹ መንደሮች ከአንዱ ነው የሚሉ አሉ እኮ። ቋንቋው ከሰሜን ቢወርድ፣ ከቅድመ አያቶቹ ከፊሉ ደግሞ እዚያው ደቡብ የነበረ ቢሆን ምኑ ይጋጫል?